ሽንኩርቱን «አብብ» የሚለው ማን ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ጣርማ በር ሲደርስ ጋቢውን ይከናነባል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው ዋሻ ያለበት ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ብርዱ አጥንት ይነካል። ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ታች መውረድ ሲጀምር ጋቢው ይከብደዋል። ሸዋ ሮቢት ሲገባ ደግሞ የመኪናው መስኮት ሁሉ ይከፈታል። ከተማዋ ያለችው 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ደጋና ቆላ በአንድ ጠዋት ማለት ይኸው ነው። አንባቢ ይህን ቁልቁለት ያስታውስልን፤ የዛሬው ጨዋታችን ቁልፉ እዚያ ላይ ነው።

ሸዋ ሮቢት ስትነሳ ሽንኩርት አብሮ ይነሳል። የቀወት ወረዳና የአካባቢው የይፋት ቆላ አርሶ አደሮች ከደጋው እየወረዱ ወደ አዋሽ የሚያቀኑትን ወንዞች በመስኖ ጠልፈው ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ፍራፍሬ ያመርታሉ። በዝናቡ ማሾ ይዘራሉ። በመንገድ ዳር የተደረደረው ሽንኩርት ለመንገደኛ የወጥ ማጣፈጫ ነው፤ ለአምራቹ ቤተሰብ ግን የልጆች ደብተር፣ የክረምት ቀለብና የበዓል ልብስ ነው።

በቅርብ ዓመታት የግብርና ግብዓት በሚሸጡ ሱቆች መደርደሪያ ላይ «አሚኖ አሲድ» የሚል ልጣፍ ያለባቸው ጠርሙሶች ይታያሉ። ልጣፉ ላይ የደመቀ አበባና የወፈረ ፍሬ አለ። አምራቹ «ሽንኩርቴን ያሳብብልኛል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ከተማ ያለችው አያትም በግቢዋ የተከለችው አማሪሊስ ለሁለተኛ ዓመት ቅጠል ብቻ አውጥቶ ሲያልፍ «እስቲ ከዚያ መድኃኒት ግዙልኝ» ትላለች። ጥያቄው አንድ ነው። ጠርሙሱ ምን ይችላል? ምንስ አይችልም?

አንዱ ቤት ሐዘን፣ ሌላው ቤት ደስታ

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ሽንኩርት ማበቡ ሁልጊዜ መልካም ዜና አይደለም። ለገበያ የሚያመርተው ገበሬ ማሳው ውስጥ ድንገት አበባ የተሸከመ ዘንግ ብቅ ሲል ፊቱ ይጠቁራል። ተክሉ በራሱ ውስጥ ያጠራቀመውን ስንቅ ወደ አበባው ዘንግ ስለሚያዛውር ሽንኩርቱ ይቀጭጫል፤ መሐሉ ይጠነክራል፤ ቢከማችም አይቆይም።

ለዘር የሚያመርተው ገበሬ ግን ያንኑ አበባ በጉጉት ነው የሚጠብቀው። የሽንኩርት ዘር የሚገኘው ከአበባው ነውና። ጥቃቅኗ ጥቁር ዘር ተዘርታ መጀመሪያ ራስ ሽንኩርት ትሆናለች። ያ ራስ፣ ባለሙያዎቹ ኮረት የሚሉት፣ ተመርጦ እንደገና ይተከላል። ከዚያ ዘንግ ያወጣል፤ በዘንጉ ጫፍ ላይ እንደ ኳስ የከበበ ነጭ አበባ ይከፈታል፤ አበባው ደርቆ ዘር ይሰጣል። ከዘር እስከ ዘር ያለው መንገድ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ነው። በዚያ ላይ የሽንኩርት ዘር ዕድሜው አጭር ነው። ሞቃት ቤት ውስጥ በተራ ዕቃ የተቀመጠ ዘር በዓመቱ የመብቀል ኃይሉን በእጅጉ ያጣል። ስለዚህ አንድ ወቅት ሳያብብ ያለፈ የዘር ማሳ የዚያን ዓመት ገቢ ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውን ዓመት ዘርም ይዞ ይሄዳል።

ሦስተኛዋ የአበባ ጠባቂ ግቢ ውስጥ ያለችው አያት ናት። አማሪሊሷ ከማሳው ሽንኩርት የራቀ ይመስላል እንጂ የሥጋ ዘመዱ ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ቀይ ሽንኩርትን፣ ነጭ ሽንኩርትንና አማሪሊስን የሚመድቧቸው በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ሁሉም ስንቃቸውን ከመሬት በታች በተደራረበ ቅጠል ውስጥ ሸሽገው ክፉ ቀን የሚያሳልፉ ናቸው። ለዚህ ነው የማሳውንና የግቢውን ጥያቄ አንድ ላይ የምንመልሰው።

አሚኖ አሲድ ከሽሯችን ጀምሮ

ስሙ የላቦራቶሪ ስም ይመስላል እንጂ አሚኖ አሲድ ከቤታችን የጠፋ ነገር አይደለም። ፕሮቲን የምንለው ሁሉ ከአሚኖ አሲዶች የተገነባ ነው። ቤት በጡብ እንደሚሠራ ማለት ነው። ለዚህ ግንባታ የሚያገለግሉት ዋና ዋናዎቹ ጡቦች 20 ናቸው። እንቁላል፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ማሾ ሁሉ ከእነዚህ ጡቦች የተለያየ መጠን ይይዛሉ።

የሰው ልጅ ከ20ዎቹ ውስጥ 9ኙን በሰውነቱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት። እናቶቻችን ሽሮን ከእንጀራ ጋር ማቅረባቸው ለጣዕም ብቻ አልነበረም። እህሉ የሚያንሰውን ጥራጥሬው ይሞላል፤ ጥራጥሬው የሚያንሰውን እህሉ ይሞላል። ልጅ አንዱን ብቻ እየበላ ቢያድግ ይጎዳል።

ተክል ግን እንደ ልጅ አይደለም። ከሁሉ በላይ ሊያዝ የሚገባው ነጥብ ይህ ነው። ተክል 20ዎቹንም ራሱ ይሠራል። ከአፈር ናይትሮጅን በሥሩ ይስባል፤ ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ከሚያዘጋጀው ስኳር ጋር ያዋህዳል፤ በመጀመሪያ ግሉታሚን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ይሠራል፤ ከእሱ ሌሎቹን እያባዛ ይሄዳል። ስለዚህ ናይትሮጅን፣ ውኃና ፀሐይ ያልጎደለው ሽንኩርት አሚኖ አሲድ «የሚራብበት» ምክንያት የለውም። ጠርሙሱ ለተክል ወተት እንዳጣ ሕፃን የሚሰጥ ምግብ አይደለም።

እንዲያውም ሽንኩርት በአሚኖ አሲድ ሥራ የተካነ ነው። ስንከትፈው የሚያስለቅሰን ነገር ምንጩ ሰልፈር ካለበት ከአሚኖ አሲድ የተሠራ ቅመም ነው። ሽንኩርቱ ሳይነካ ይህ ቅመምና የሚሰብረው ኢንዛይም በየክፍላቸው ተለያይተው ይቀመጣሉ። ቢላዋ ሲገባ ግድግዳው ይፈርሳል፤ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ዓይን የሚያቃጥለው ጋዝ ይወጣል። ሽንኩርት ሰልፈርን የሚወድ ተክል መሆኑም ከዚህ ይያያዛል። በአገራችን ዳፕን የተካው ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ ሌላ 7 በመቶ ሰልፈር እንዳለው ማወቅ ለሽንኩርት አምራች ይጠቅማል።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው

ለሽያጭ የሚቀርበው አሚኖ አሲድ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጀው ፕሮቲን ያለበትን ነገር በመሰባበር ነው። ምንጩ የቆዳ ትራፊ፣ ላባ ወይም እንደ አኩሪ አተር ያለ ጥራጥሬ ሊሆን ይችላል። መሰባበሪያውም ወይ ኃይለኛ አሲድ ነው፣ ወይ ኢንዛይም ነው። የአሠራሩ ልዩነት ዋጋ አለው። ለምሳሌ ትሪፕቶፋን የሚባለው አሚኖ አሲድ ተክሉ ኦክሲን ለተባለው የዕድገት ሆርሞን ጥሬ ዕቃ አድርጎ የሚጠቀምበት ነው። ሻጮች ይህን ጠቅሰው ያመሰግኑታል። ነገር ግን ፕሮቲን በአሲድ ሲፈላ ትሪፕቶፋን ይጠፋል። በኢንዛይም የተዘጋጀው ይሻላል፤ ዋጋውም ይወደዳል። ልጣፉ የአሠራሩን ዓይነት ካልነገረን ሻጩን መጠየቅ ነውር አይደለም።

የምርቶቹ ትክክለኛ ስማቸውም ማዳበሪያ አይደለም፤ የተክል አነቃቂ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣውና ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ አነቃቂዎችን ሲተረጉም ከያዙት ንጥረ ምግብ ተለይተው ነው። ሥራቸው ተክሉ ያገኘውን ንጥረ ምግብ በተሻለ እንዲጠቀም፣ ድርቅና ሙቀትን የመሰለ ችግር እንዲችል፣ የምርቱ ጥራት እንዲያምር መርዳት ነው። ማለትም ምግቡ ሌላ ነው፤ እነሱ ተክሉ ምግቡን እንዲጠቀምበት የሚያግዙ ናቸው።

ይህ በቁጥርም ይታያል። ልጣፉ ላይ ናይትሮጅን 5 በመቶ የሚል ጠርሙስ ገዛን እንበል። ይዘቱ 1 ኪሎ ቢመዝን ውስጡ ያለው ናይትሮጅን 50 ግራም ነው። 1 ኪሎ ዩሪያ ደግሞ 460 ግራም ናይትሮጅን አለው። ስለዚህ የጠርሙሱ ናይትሮጅን ከ110 ግራም ዩሪያ አይበልጥም፤ ሁለት የቡና ሲኒ ያህል መሆኑ ነው። ማዳበሪያ ቀንሶ ጠርሙስ መግዛት ለምን እንደማያዋጣ ይህ ስሌት ብቻውን ይናገራል።

ታዲያ ጥቅም የለውም ማለት ነው? እንዲህ ብሎ መደምደምም ስህተት ነው። ግብፅን በመሰሉ ሞቃት አገሮች ጭምር በግላዲዮለስና በሌሎች የራስ አበቦች ላይ አሚኖ አሲድ በቅጠል ተረጭቶ ተሞክሯል። የተሻለ ቅጠል፣ የረዘመ ዘንግና የበዛ አበባ የታየባቸው ሙከራዎች አሉ። ልዩነቱ ትንሽ የሆነባቸው ወይም ጭራሽ ያልታየባቸውም አሉ። ጥቅሙ ጎልቶ የሚጠበቀው ተክሉ ሲቸገር ነው። ችግኝ ከመደብ ወደ ማሳ በተዛወረበት ሰሞን፣ ውኃ ባጠረበት ሳምንት፣ ኃይለኛ ሙቀት በመታው ጊዜ ተክሉ አሚኖ አሲዶቹን ከባዶ ለመሥራት የሚያወጣው ጉልበት ይበዛበታል። ድርቅ ሲመጣ ብዙ ተክሎች ፕሮሊን የተባለውን አሚኖ አሲድ በሴላቸው ያጠራቅማሉ፤ ውኃ እንዳይለቁ ይረዳቸዋል። በእንዲህ ያለ ሰዓት ከውጭ የተሰጠ ጥቂት እርዳታ ሊታይ ይችላል።

አነቃቂ ግን የታመመ ቅጠል አያድንም። ሽንኩርቱን ትሪፕስ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ወርሮት ቅጠሉ ብር መስሎ ከሆነ ወይም ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የቅጠል በሽታ ከገባበት መልሱ ጠርሙሱ አይደለም። ባለሙያ ማማከር ነው።

አበባውን የሚያዘው ብርዱ ነው

አሁን ወደ ቁልቁለቱ እንመለስ። ሽንኩርትን «አሁን ቅጠል ማውጣት ይበቃሃል፤ አብብ» ብሎ የሚያዘው ምግብ አይደለም፤ ብርድ ነው። በቂ መጠን ያለው ራስ ሽንኩርት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዙሪያ ያለ ቅዝቃዜ ለተወሰኑ ሳምንታት ሲያገኝ በውስጡ ያለው እምቡጥ ሥራውን ይለውጣል። ቅጠል ይሠራ የነበረው ጫፍ አበባ መሥራት ይጀምራል። ተክሉ «ክረምት አለፈ፤ ዘር መተኪያ ጊዜዬ ደረሰ» ያለ ያህል ነው።

ከቀዝቃዛ አገር የመጡ የሽንኩርት ዓይነቶች ብዙ ብርድ ስለሚፈልጉ በቆላ ራስ ቢያወጡም ዘር ለመስጠት ያስቸግራሉ። አዳማ ቀይና ቦምቤ ቀይ የተባሉት፣ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ለአርሶ አደሩ ያደረሳቸው ዝርያዎች በቆላማው ስምጥ ሸለቆ ዘር መስጠት የቻሉት የሚፈልጉት ብርድ አነስተኛ በመሆኑ ነው። እነሱም ቢሆኑ ጊዜ ይመርጣሉ። ለዘር የሚሆነው ራስ በመስከረምና በጥቅምት ቢተከል ከኅዳር እስከ ጥር ያሉት ቀዝቃዛ ሌሊቶች ያገኙታል። አሳልፎ የተከለው ሰው ቀዝቃዛውን ወር ያጣል። በዚያ ላይ ብርዱ ከጀመረው በኋላ ኃይለኛ ሙቀት ቢመጣ የተጀመረው አበባ ሊቋረጥ ይችላል። በየካቲት ሙቀት ላይ ብዙ ጠርሙስ ቢረጭ ያለፈው ኅዳር አይመለስም።

ይፋት ግን ከጀርባዋ ትልቅ ማቀዝቀዣ አላት። ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ ሲጨምር አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማ በር ያለው ልዩነት ወደ 10 ዲግሪ ይጠጋል ማለት ነው። የቆላው ሰው ለዘር የመረጠውን ራስ ከመትከሉ በፊት ለጥቂት ሳምንታት ደጋ ላሉ ዘመዶቹ በአደራ ቢልክ፣ በደረቅና ነፋሻ ቦታ ቢቀመጥለት፣ በሽቦና በኤሌክትሪክ የማይሠራ ማቀዝቀዣ አገኘ ማለት ነው። ደገኛና ቆለኛ በሰንበቴ የእሑድ ገበያ እህልና ፍራፍሬ ሲለዋወጡ ኖረዋል። ብርድና ሙቀትንም መለዋወጥ ይችላሉ። ለመሞከር የሚፈልግ በጥቂት ራሶች ቢጀምር ይመከራል፤ ቦታው እርጥብ ከሆነ ሽንኩርቱ ይበሰብሳልና።

ሁለተኛው አዛዥ ስንቅ ነው። የቀጨጨ ራስ ብርድ ቢያገኝም አያብብም፤ ቢያብብም ዘንጉ አንድ፣ ዘሩም ጥቂት ይሆናል። ለዘር የሚመረጠው ወርዱ ከ4 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ጠንካራ፣ አንገቱ ቀጭንና በደንብ የደረቀ፣ ያልበቀለና ያልቆሰለ ነው። ይህ ስንቅ የተቋጠረው ዘንድሮ ሳይሆን ባለፈው ወቅት ቅጠሉ አረንጓዴ በነበረበት ጊዜ ነው። የዘንድሮው አበባ የአምናው ቅጠል ልጅ ነው።

የግቢው አበባ ለምን አኮረፈ?

ይህ የመጨረሻው አረፍተ ነገር ለከተማ አያቶች ቁልፍ ነው። አማሪሊስ አብቦ ሲያልቅ ብዙዎቻችን «ሥራውን ጨርሷል» ብለን ቅጠሉን እንቆርጣለን፤ ወይም ወደ ጥላ ወርውረን እንረሳዋለን። በዚያች ሰዓት ነው ለከርሞ አበባ ስንቅ መቋጠር የሚጀምረው። አማሪሊስ በራሱ ውስጥ አራት ያህል ቅጠል ባወጣ ቁጥር አንድ የአበባ እምቡጥ ያዘጋጃል። ቅጠሉ ከተቆረጠ እምቡጡም ይቀራል። የወደቀውን አበባ ቆርጠን ቅጠሉን ግን ፀሐይ ላይ እናቆየው፤ ውኃና ፍግ እንስጠው። በኋላ ቅጠሉ መቢጨት ሲጀምር ውኃውን እየቀነስን ሁለት ወር ያህል ደርቆ እንዲያርፍ እንተወው። ከዕረፍቱ በኋላ ውኃ ሲያገኝ ዘንጉ ይነሳል። ለዚህ ሁሉ የሚወጣ ገንዘብ የለም።

ግላዲዮለስ ጠባዩ ትንሽ ይለያል። አበባውን የሚሠራው ከተተከለ በኋላ፣ ገና ሁለትና ሦስት ቅጠል ሳለ ነው። በዚያን ሰሞን ውኃ ከተጠማ ዘንጉ ባዶ ይቀራል። አሚኖ አሲድ መርጨት ከተፈለገ ለግላዲዮለስ የሚመረጠው ጊዜ ይህ ነው፤ አበባው ከወጣ በኋላ ከሆነ ግን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። ቱሊፕን ደግሞ በፎቶ አይተው ለቆላ የሚመኙ አሉ። ቱሊፕ ለሦስት ወርና ከዚያም በላይ ከ9 ዲግሪ በታች ብርድ ይፈልጋል። ይፋት ላይ ተተክሎ እንዲያብብ የሚያደርግ ጠርሙስ የለም።

ለመግዛት የወሰነ ሰው

እስካሁን ያልነው ሁሉ ተሟልቶ፣ ማለትም ጥሩ ራስ፣ ትክክለኛ ጊዜ፣ ውኃ የማይቋጥር መሬት፣ በቂ ማዳበሪያና ኮምፖስት ካለ በኋላ አሚኖ አሲድ መሞከር የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነገሮችን ቢይዝ ገንዘቡን አያባክንም።

መጠኑን ከልጣፉ ላይ ያንብብ፤ «ትንሽ ልጨምርበት» አይበል። መጠኑ ሲያልፍ ቅጠል ያቃጥላል፤ በተለይ ከእንስሳት ተረፈ ምርት በአሲድ የተዘጋጀው ጨው ሊበዛበት ይችላል። ናይትሮጅን ከልክ ሲያልፍም ተክሉ ወደ ቅጠል ያደላል፤ ራሱ ይለሰልሳል፤ ሲከማች ይበሰብሳል።

የሚረጨው ማለዳ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። በይፋት የቀትር ፀሐይ የተረጨ ውኃ ቅጠሉ ሳይጠጣው ይደርቃል። የሽንኩርት ቅጠል ሰም ስለለበሰ ጠብታው ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ጭጋግ አስመስሎ በደቃቁ መርጨት ይሻላል።

የመርጫው ዕቃ ምን ተይዞበት እንደነበር ይታወስ። ትናንት የአረም ማጥፊያ የተረጨበት ዕቃ በደንብ ሳይታጠብ ዛሬ አሚኖ አሲድ ቢሞላበት ሽንኩርቱን የሚገድለው የቀረው ጠብታ ነው።

አበባው በተከፈተበት ሳምንት ደግሞ ነፍሳት ገዳይ ፀረ-ተባይ ከመርጨት መታቀብ ያስፈልጋል። የሽንኩርት አበባ ዘር የሚይዘው ንቦችና ሌሎች ነፍሳት እየተመላለሱ ሲያዳቅሉት ነው። ንቡን የገደለ ሰው ያማረ አበባ ይኖረዋል፤ ዘር ግን አይኖረውም።

ማሾ የሚዘራ ቤተሰብም ሌላ የናይትሮጅን ምንጭ በእጁ አለ። ማሾ እንደ ሌሎቹ ጥራጥሬዎች በሥሩ ካሉ ባክቴሪያዎች ጋር ተባብሮ ከአየር ናይትሮጅን ይይዛል። ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ሥሩና ገለባው ወደ አፈር ቢመለስ ለሚከተለው ሽንኩርት የአሚኖ አሲድ ጥሬ ዕቃ ይሆናል።

ከልጆች ጋር የሚሠራ ሙከራ

ሻጩ «ይሠራል» ይላል፤ ጎረቤት «አይሠራም» ይላል። ልጆቻችንን «ማንን እንመን?» ከማለት «እንሞክረው» ማለት ብናስተምራቸው ለሽንኩርቱም ለትምህርታቸውም ይበጃል።

መጠናቸው የተመሳሰለ 20 ራስ ሽንኩርት ወይም የግላዲዮለስ ራስ ይመረጥ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት አፈር፣ እኩል ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ ይተከሉ። ለ10ሩ ቀይ ክር፣ ለ10ሩ ነጭ ክር ይታሰርላቸው። ቀዮቹ አሚኖ አሲድ ያለበት ውኃ ይረጩ፤ ነጮቹ በዚያው ቀን ንጹሕ ውኃ ብቻ ይረጩ። ነጮቹን ምንም ሳይረጩ መተው ልክ አይሆንም፤ ለውጥ ቢታይ ከውኃው ይሁን ከአሚኖ አሲዱ መለየት አይቻልምና። መርጨቱ የአዋቂ ሥራ ነው፤ መቁጠርና መመዝገብ የልጅ። በደብተር ላይ የበቀሉበት ቀን፣ በየሳምንቱ የቅጠሉ ብዛት፣ ዘንግ የታየበት ቀን፣ የአበባው ብዛት ይጻፍ። በመጨረሻ ቀዮቹ 8፣ ነጮቹ 7 ቢያብቡ ያ ዕድል ሊሆን ይችላል። ቀዮቹ 9፣ ነጮቹ 3 ከሆኑ ግን ነገሩ ደግሞ ሊሞከር የሚገባው ነው። ውጤቱን ይዞ የቀበሌውን የልማት ሠራተኛ ማነጋገርም ይቻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ

ልጆችን ወደ አትክልቱ ስንጋብዝ ሁለት አደጋዎችን መርሳት የለብንም። የመጀመሪያው ጠርሙሱ ራሱ ነው። አሚኖ አሲድ ይሁን ፀረ-ተባይ፣ ከገዛንበት ዕቃ ወደ ለስላሳ ወይም ወደ ውኃ ፕላስቲክ አይገልበጥ። ቡናማ ፈሳሽ ለሕፃን ኮካ ይመስለዋል። ተቆልፎ ከልጅ እጅ ይራቅ፤ ባዶ ዕቃው ለውኃ መቅጃ አይዋል።

ሁለተኛው ራሱ አበባው ነው። አማሪሊስ የሽንኩርት ዘመድ ቢሆንም አይበላም፤ በውስጡ የሚያስመልስና ሆድ የሚያሳምም መርዝ አለው። ዝናብ ሲጀምር ቀይ ኳስ መስሎ ከመሬት የሚወጣው፣ የጅብ ሽንኩርት እየተባለ የሚጠራው የዱር አበባም እንዲሁ ነው። የተነቀለ የአበባ ራስ ከወጥ ቤት ሽንኩርት ጋር በአንድ ቅርጫት አይቀመጥ። መለያው ቀላል ነው፦ ሽንኩርት ሲሰበር የሽንኩርት ሽታ ይሸታል፤ አማሪሊስ አይሸትም። ልጅ ቀምሶ ከተገኘ የበላውን ራስ ይዞ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው።

መጪው መስከረም ሲደርስ ዘር ለማግኘት የሚተክል ሁሉ፣ አበባ ለማየት የሚተክልም ጭምር፣ የጠርሙሱን ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ራሱን በእጁ አንስቶ ይመዝነው። ከብዶታል? ጠንካራ ነው? ጊዜው ገና ነው ወይስ አልፏል? የእነዚህ መልስ ጥሩ ከሆነ አሚኖ አሲዱ ጥቂት ሊያግዝ ይችላል። መልሱ ጥሩ ካልሆነ ግን ያው ገንዘብ የተሻለ ራስ ሽንኩርት ቢገዛበት ይሻላል።